ለአሮጌ መኪና ጎማ ሲቀየር፦ ነዳጅ ቆጣቢው የትኛው ነው?

ጎማ ሊገዛ የወጣ ባለመኪና አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ዋጋውን፣ የተሠራበትን አገርና ስንት ዓመት እንደሚያስኬድ ነው። ጎማው ምን ያህል ቤንዚን እንደሚያስፈጅ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ሻጩም ቢጠየቅ የሚመልሰው ብዙ የለውም። ሆኖም ልካቸው አንድ የሆነ፣ ጎን ለጎን ቢቆሙ በዓይን የማይለዩ ሁለት አዳዲስ ጎማዎች መኪናዋን ወደ ኋላ በሚይዙበት ኃይል ከሲሶ በላይ ሊለያዩ ይችላሉ። ይህ ልዩነት ወደ ነዳጅ ሲመነዘር ስንት እንደሚሆን፣ እንዴት እንደሚታወቅና መቼ ከንቱ እንደሚሆን ማስረዳት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

በኢትዮጵያ ጥያቄው ከቀድሞው ይበልጥ ክብደት ያገኘበት ምክንያት አለ። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት በመጀመሩ የቤንዚን ዋጋ በየጊዜው ወጥቷል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወስኗል። ስለዚህ ዛሬ በመንገድ ላይ ያሉት ቤንዚን ተጠቃሚ ኮሮላዎች፣ ቪትዞችና ያሪሶች ገና ብዙ ዓመት መሥራታቸው አይቀርም። የእነዚህን መኪኖች ሞተር በአዲስ ቴክኖሎጂ መለወጥ ለአብዛኛው ባለመኪና አይቻልም፤ ጎማቸው ግን በየጥቂት ዓመቱ መለወጡ ስለማይቀር፣ ምርጫው ባለቤቱ ወደደም ጠላም በየጊዜው ፊቱ ይመጣል።

ጎማ ነዳጅ የሚበላው እንዴት ነው?

ጎማ መሬት የሚነካው በመዳፍ በምትሸፈን ጠባብ ቦታ ነው። ጎማው ሲሽከረከር እያንዳንዱ ክፍሉ ተራ በተራ መሬት ላይ እየደረሰ ይጨፈለቃል፣ ይለጠጣል፣ ከዚያም ወደ ቅርጹ ይመለሳል። ላስቲኩ ሲጨፈለቅ የወሰደውን ጉልበት ሲመለስ ሙሉ በሙሉ አይመልስም፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ሽቦ ደጋግሞ ሲታጠፍና ሲቃና እጥፋቱ ላይ እንደሚሞቀው ማለት ነው። ረጅም መንገድ ከተነዳ በኋላ ጎማ የሚሞቀው በአስፋልቱ ሙቀትና በመፋተግ ብቻ እንደሆነ ብዙ ሰው ያስባል፤ ዋናው ምንጭ ግን ይኸው የላስቲኩ መታጠፍና መቃናት ነው። በዚህ መንገድ የሚባክነው ጉልበት መኪናዋን ወደ ኋላ እንደሚይዝ ኃይል ይቆጠራል፤ በዚህ ጽሑፍ የመንከባለል ተቃውሞ እንለዋለን።

ተቃውሞው የሚለካው ጎማው በተሸከመው ጭነት ልክ ነው። ለአንድ ቶን ጭነት በ10 ኪሎ ግራም ኃይል ወደ ኋላ የሚጎትት ጎማ አለ፤ 7 የሚጎትትም አለ። ይህን በቀላሉ ለመረዳት በዳገት ማሰብ ይቻላል፤ በቶን 10 ኪሎ ግራም የሚጎትት ጎማ ያላት መኪና ሜዳ ላይ ስትሄድ ሞተሯ ሳያቋርጥ 1 በመቶ ዳገት የመውጣት ያህል ይለፋል። ዳገቱ ለዓይን አይታይም፤ ቁልቁለትም የለውም። ጥሩ ጎማ ማለት ይህን የማይታይ ዳገት ወደ 0.7 በመቶ ዝቅ የሚያደርግ ማለት ነው።

ልዩነቱን የሚፈጥረው በዋነኛነት መሬት የሚነካው የላስቲክ ቅልቅል ነው። ጎማን የሚያጠቁረው ከሰል መሰል ዱቄት ላስቲኩን ያጠነክረዋል፤ ነገር ግን ላስቲኩ በታጠፈ ቁጥር የዱቄቱ ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው ስለሚሻሹ ሙቀት ይጨምራል። ሚሽሊን እ.ኤ.አ. በ1992 ከዚህ ዱቄት ከፊሉን በሲሊካ (ከአሸዋ በሚገኝ ነጭ ዱቄት) የተካ ጎማ ለገበያ አቀረበ፤ ሌሎችም አምራቾች ተከተሉት። ሲሊካው ተቃውሞውን ሲቀንስ በእርጥብ መንገድ ላይ ያለውን አያያዝ አልጎዳም፤ ይህም እስከዚያ ድረስ አንዱን ለማግኘት ሌላውን መልቀቅ ግድ ነው ይባል የነበረውን ነገር በከፊል ሻረው። ከቅልቅሉ ቀጥሎ የጎማው ክብደት፣ የጥርሱ ጥልቀትና የውስጥ ሽቦው አደራደር ድርሻ አላቸው። ለጭቃና ለኮረኮንች የተሠራ ትልልቅ ጥርስ ያለው ጎማ በአስፋልት ላይ ነዳጅ የሚያስፈጀው ጥርሶቹ በየተራው ስለሚወላገዱ ነው።

ቁጠባው ስንት ነው?

እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል፤ የሻጭ ወሬና የምሕንድስና ስሌት የሚለያዩት እዚህ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ዘገባ እንዳብራራው፣ ከቤንዚኑ ጉልበት ውስጥ እስከ ጎማ የሚደርሰው ከ12 እስከ 20 በመቶው ብቻ ነው፤ የቀረው በሞተሩ ሙቀት፣ በጭስ ማውጫው፣ በመፋተግና ቆሞ በመሥራት ይባክናል። እስከ ጎማ ከደረሰው ውስጥ ደግሞ ሲሶ ያህሉን የሚወስደው የመንከባለል ተቃውሞ ነው። ስለዚህም ተቃውሞው በ10 በመቶ ሲቀንስ የነዳጅ ፍጆታው የሚሻሻለው ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። «20 በመቶ ይቀንሳል» የሚል ማስታወቂያ ያየ ሰው 20 በመቶው የተቃውሞው እንጂ የቤንዚኑ አለመሆኑን ማወቅ አለበት፤ ወደ ቤንዚን ሲመጣ ከ2 እስከ 4 በመቶ ነው።

በተጨባጭ እንየው። በሊትር 12 ኪሎ ሜትር የምትሄድ፣ በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር የምትነዳ መኪና 1,250 ሊትር ቤንዚን ትፈልጋለች። በቶን 10 ኪሎ ግራም በሚጎትት አዲስ ጎማ ፈንታ 7.5 የሚጎትት አዲስ ጎማ ቢገጠምላት ተቃውሞው በሩብ ይቀንሳል፤ ቁጠባው ከ2.5 እስከ 5 በመቶ፣ ማለትም በዓመት ከ31 እስከ 62 ሊትር ገደማ ይሆናል። ጎማው ሦስት ዓመት ቢያገለግል ከ94 እስከ 187 ሊትር መሆኑ ነው። ይህን በዕለቱ የቤንዚን ዋጋ አባዝቶ ከሁለቱ ጎማዎች የዋጋ ልዩነት ጋር ማስተያየት የገዢው ፈንታ ነው። ለራይድ ወይም ለታክሲ የምትሠራ መኪና ከዚህ እጥፍና ከዚያ በላይ ስለምትነዳ ትርፉም በዚያው ልክ ያድጋል፤ ቅዳሜና እሑድ ብቻ የምትወጣ መኪና ላይ ግን ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ከዚህ ስሌት የሚከተል አንድ ነገር አለ፤ ገና ጥርስ ያለውን ጎማ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ አውልቆ አዲስ መግዛት አያዋጣም። ቁጠባው የሚገኘው ጎማው አልቆ መቀየሩ ግድ ሲሆን፣ ከሚቀርቡት ውስጥ የተሻለውን በመምረጥ ነው።

የአዲስ አበባ ሁኔታ ስሌቱን በሁለት አቅጣጫ ይጎትተዋል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው ከአምስተኛ እስከ ሩብ ያህል ስስ ነው፤ ነፋሱ መኪናዋን የሚይዝበት ኃይል በዚያው ልክ ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት ሜዳ ላይ በመካከለኛ ፍጥነት ስትነዱ ከጠቅላላው ሸክም ውስጥ የጎማው ድርሻ ከፍ ይላል፤ በጎማ የሚገኘውም ጥቅም እንዲሁ። በሌላ በኩል ግን ዳገቱ አለ። 6 በመቶ ዳገት ስትወጡ መሬቱ ለአንድ ቶን 60 ኪሎ ግራም ሲጠይቅ ጎማው የሚጠይቀው 10 ነው፤ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወጣበት ጊዜ ጥሩ ጎማና መካከለኛ ጎማ በነዳጅ ብዙም አይለያዩም ማለት ነው። በመንገድ መጨናነቅ ቆሞ የሚሠራ ሞተር የሚያቃጥለውን ቤንዚን ደግሞ የትኛውም ጎማ አያድነውም። በጥቅሉ ልዩነቱ ጎልቶ የሚወጣው ሜዳማ በሆነ የረጅም ርቀት ጉዞ፣ ለምሳሌ በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ በተረጋጋ ፍጥነት ለሚመላለስ ሰው ነው።

ጎማ ከመግዛት በፊት መኪናዋን ማየት

አሮጌ መኪና ላይ ነዳጅ የሚጎትተው ብዙ ጊዜ ጎማው ራሱ ሳይሆን ጎማውን የሚይዘው ነገር ነው። ለቆ የማይለቅ የፍሬን ሸራ፣ ገመዱ ዝጎ በከፊል ተይዞ የቀረ የእጅ ፍሬን፣ ያለቀ ኩሽኔታ፣ የተዛባ አላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫ ልክ) እያንዳንዳቸው በጥሩና በመጥፎ ጎማ መካከል ካለው ልዩነት የበለጠ ሊያባክኑ ይችላሉ። ምርመራው ቀላል ነው። ፍሬን ብዙም ሳይያዝ ጥቂት ኪሎ ሜትር ተነድቶ መኪናዋ ስትቆም እጅን ወደየቸርኬው አስጠግቶ ሙቀቱን ማነጻጸር ይቻላል፤ ብረቱ ሊያቃጥል ስለሚችል መንካት አያስፈልግም። ከአራቱ አንዱ ለብቻው የሚፋጅ ከሆነ ያ ጎማ ተይዟል። ሌላው መንገድ መኪናዋን በክሪክ አንስቶ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጎ፣ የማይነሱትን ጎማዎች በድንጋይ ደግፎ የተነሣውን ጎማ በእጅ ማዞር ነው፤ የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላውን ከሆነ የኋላዎቹ ሲሞከሩ መለቀቅ አለበት። ነጻ የሆነ ጎማ ጥቂት ዙሮ ይቆማል፤ የተያዘው እጅ እንደለቀቀው ቀጥ ይላል ወይም እየተፋተገ ድምፅ ያሰማል።

አላይመንቱ መዛባቱን የሚናገረው ራሱ የሚወልቀው አሮጌ ጎማ ነው። ጎሚስታው አውልቆ ሲጥለው ጥርሱን በመዳፍ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከዚያም ከውጭ ወደ ውስጥ መዳበስ ነው፤ በአንዱ አቅጣጫ ልስልስ ብሎ በሌላው እንደ መጋዝ የሚቧጥጥ ከሆነ ጎማው እየተንሸራተተ ሲጎተት ኖሯል። በአንድ ጠርዝ ብቻ የተላጨም እንዲሁ መስተካከል የሚገባው ነገር እንዳለ ያሳያል። በዚህ ሁኔታ ላይ ውድ ጎማ መግጠም ገንዘቡን በአስፋልት ላይ መፋቅ ነው።

ልኩን አለመለወጥ

ከዋጋና ከምልክት በፊት የሚመጣው ልክ ነው። በሾፌሩ በር ወይም በበሩ ምሰሶ ላይ የተለጠፈው ወረቀት የጎማውን ልክና የንፋሱን መጠን ይናገራል። ከጃፓን ገበያ በመጡ መኪኖች ላይ ጽሑፉ በጃፓንኛ ስለሆነ ብዙ ሰው አይቶ ያልፈዋል፤ ቁጥሩ ግን የሁሉም ነው። 175/65 አር 14 ማለት ጎማው 175 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ የስፋቱን 65 በመቶ ያህል የጎን ከፍታ ያለው፣ በ14 ኢንች ቸርኬ የሚገጠም ማለት ነው። አጠገቡ 220 የሚል ቁጥር ካለ ንፋሱ በኪሎ ፓስካል የተጻፈ ነው፤ በ0.145 ሲባዛ 32 ፒኤስአይ (ሌላው የግፊት መለኪያ አሃድ) ገደማ ይሆናል።

በከተማችን እየተለመደ የመጣው ግን ትንሿን መኪና ለመልክ ሲባል በሰፊ ጎማና በትልቅ ቸርኬ ማስጌጥ ነው። 175/65 አር 14 አውጥቶ 195/60 አር 15 ያስገባ ሰው የጎማውን ቁመት ከ583 ወደ 615 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ከ5 በመቶ በላይ አሳድጎታል። ሞተሩ በየማርሹ የሚጠየቀው ጉልበት ይጨምራል፣ የሚሽከረከረው ክብደት ይበዛል፣ ፊቱ የሰፋ ጎማ ነፋስ ይይዛል፣ ቆጣሪውም ከእውነተኛው ርቀት ያነሰ ያሳያል። 1,000 ወይም 1,300 ሲሲ ሞተር ላላት መኪና ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። እኔ እንደማስበው ይህን ያደረገ ሰው ስለ ነዳጅ ቆጣቢ ጎማ መጠየቁን ቢተው ይሻለዋል፤ አስቀድሞ ልኩን ይመልስ።

በተቃራኒው ቁጠባ ፍለጋ ከታዘዘው በላይ ጠባብ ጎማ መግጠምም አይገባም። ከልኩ ቀጥሎ የሚታየው እንደ 82 ቲ ያለ ምልክት ሁለት ነገር ይናገራል፤ 82 አንድ ጎማ 475 ኪሎ ግራም መሸከም እንደሚችል፣ ቲ ደግሞ እስከ 190 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንደሚፈቀድለት። አዲሱ ጎማ በሁለቱም ከቀድሞው ማነስ የለበትም።

የተቃውሞውን ደረጃ የት እናነባለን?

በዓይን የማይታየውን ነገር ለገዢ ለማሳየት ብዙ አገሮች ምልክት አውጥተዋል። ለእኛ ገበያ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው የአውሮፓ ኅብረት ምልክት ነው፤ ብዙ አምራቾች አንዱን ጎማ ለተለያዩ ገበያዎች ስለሚሸጡ ወረቀቱ እኛም ዘንድ በጎማው ጥርስ ላይ ተለጥፎ ይገኛል። ምልክቱ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2012 ጀምሮ ግዴታ ሆኖ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 ታድሷል። በላዩ ላይ የነዳጅ ማደያ ስዕል ያለበት መሰላል የመንከባለል ተቃውሞን ከኤ እስከ ኢ ያሳያል። ለቤት መኪና ጎማ ኤ ማለት በቶን እስከ 6.5 ኪሎ ግራም፣ ቢ እስከ 7.7፣ ሲ እስከ 9፣ ዲ እስከ 10.5 ሲሆን ከዚያ በላይ የሆነው ኢ ይባላል። የዝናብ ስዕል ያለበት ሁለተኛው መሰላል በእርጥብ መንገድ ላይ የሚቆምበትን ብቃት፣ ከታች ያለው ደግሞ የድምፁን መጠን ይገልጻል።

ወረቀቱ ከተላጠ ወይም ሻጩ ካነሣው መፍትሔ አለ። ኅብረቱ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2021 ወዲህ ለገበያው የሚቀርቡ ጎማዎች የሚመዘገቡበት ኤፕሬል የሚባል ለሁሉም ክፍት የሆነ የመረጃ ቋት አለው፤ መርካቶ ቆሞም በስልክ የአምራቹን ስም፣ የጎማውን ሞዴልና ልኩን አስገብቶ ደረጃውን ማየት ይቻላል። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው በአንድ ሞዴል ውስጥ ልኩ ሲለያይ ደረጃውም ሊለያይ መቻሉ ላይ ነው፤ የ16 ኢንቹ ቢ ሆኖ ሳለ የ14 ኢንቹ ዲ ሊሆን ይችላል። በጎማው ጎን ላይ ደግሞ በክብ ውስጥ ካለው የኢ የፈቃድ ምልክትና ቁጥር ቀጥሎ «ኤስ2ደብሊውአር2» ተብሎ የሚነበብ የላቲን ፊደልና ቁጥር ካለ፣ የመጨረሻዋ አር2 ጎማው በቶን ከ10.5 ኪሎ ግራም የማይበልጥ መሆኑን ታረጋግጣለች። ይህ ከኢ ደረጃ ማምለጡን ብቻ ነው የሚነግረን፤ ቢሆንም ምንም መረጃ ከሌለው ጎማ ይሻላል።

የጃፓን ጎማ አምራቾች ማኅበር እ.ኤ.አ. ከጥር 2010 ጀምሮ የሚጠቀምበት ምልክት ከላይ ወደ ታች ኤኤኤ፣ ኤኤ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ይላል። የጃፓኑ ኤ ከአውሮፓው ሲ ጋር እኩል ነው፤ ፊደሉን ብቻ አይቶ ማወዳደር ያሳስታል። አሜሪካ ለሚኖሩ ባለመኪኖች ነገሩ ይከብዳል፤ የአገሪቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት (ኮንግረስ) እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ሕግ የጎማን የነዳጅ ብቃት ለገዢ የሚያሳውቅ ሥርዓት እንዲዘረጋ ቢያዝም፣ ዛሬም በጎማው ጎን ላይ የሚገኙት ደረጃዎች የሚናገሩት ስለ ጥርሱ አበላል፣ ስለ እርጥብ መንገድና ስለ ሙቀት ነው። የጥርስ አበላሉ ቁጥር ትልቅ መሆን ነዳጅ መቆጠቡን አያሳይም።

በክረምት የሚፈተነው ፊደል

አንድ ጎማ በነዳጅ ኤ ሆኖ በእርጥብ መንገድ ዲ ወይም ኢ ከሆነ ለኢትዮጵያ ክረምት አይመከርም። አንዳንድ ርካሽ ጎማዎች ተቃውሟቸውን የሚቀንሱት ውድ ቅልቅል በመጠቀም ፈንታ ላስቲኩን በማጠንከር ነው፤ ደረቅ አስፋልት ላይ አይታወቅም፣ ዝናብ ሲጥል ግን የፍሬን ርቀቱ ይረዝማል። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሚሄድ መኪና ላይ በእርጥብ መንገድ ደረጃ ከላይኛውና ከታችኛው መካከል ያለው የመቆሚያ ልዩነት እስከ 18 ሜትር ይደርሳል፤ አራት መኪኖች ተከታትለው የሚቆሙበት ርዝመት ነው። በተለይ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ሥርዓት) በሌላቸው የቆዩ መኪኖች ላይ ይህ ፊደል ከነዳጁ ፊደል መቅደም አለበት። በእኔ ግምት ለአብዛኛው የከተማ መኪና ሚዛናዊው ምርጫ በእርጥብ ኤ ወይም ቢ፣ በነዳጅ ቢ ወይም ሲ የሆነ ጎማ ነው፤ ኤና ኤ ከተገኘና ዋጋው ከፈቀደ ደግሞ እሰየው።

የተሠራበት ጊዜም መታየት አለበት። በጎማው ጎን ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች ሳምንትና ዓመት ናቸው፤ 2319 በፈረንጆች 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ላስቲክ በመደብር ተቀምጦም ይደርቃል። ያገለገለ ጎማ ርካሽ ከመሆኑም በላይ ጥርሱ ስለሳሳ ተቃውሞው ዝቅ ሊል ይችላል፤ ግን ውስጡ መጎዳት አለመጎዳቱ ስለማይታወቅና ለዝናብ የቀረው ጥርስ አነስተኛ ስለሆነ ነዳጅን ምክንያት አድርጎ መግዛቱ አያስኬድም። አራቱንም መቀየር ካልተቻለና ሁለት ብቻ ከተገዙ፣ መኪናዋ በፊት ጎማ የምትነዳ ብትሆንም አዲሶቹ ከኋላ ቢገቡ በእርጥብ መንገድ ላይ ኋላዋ እንዳይሸሽ ይረዳል፤ የነዳጁ ጥቅም ግን በዚያው ልክ ይቀንሳል።

አዲስ ጎማ ገጥሜ ለምን ነዳጅ ጨመረብኝ?

ይህ ቅሬታ በጋራዦች በተደጋጋሚ የሚሰማ ሲሆን ብዙ ጊዜ ቅሬታ አቅራቢው ያየው ነገር እውነት ነው። ላስቲኩ በሳሳ ቁጥር የሚታጠፈው ነገር ስለሚያንስ፣ ያለቀ ጎማ ተቃውሞ አዲስ ከነበረበት ጊዜ በ20 በመቶ ገደማ ያነሰ ይሆናል። በቶን 10 ኪሎ ግራም ይጎትት የነበረው ጎማ ሲያልቅ ወደ 8 ወርዷል። በእሱ ምትክ የገባው ጥሩ ጎማ አዲስ ሆኖ 7.5 ቢሆን ልዩነቱ የግማሽ ኪሎ ያህል ብቻ ነው፤ ያው የድሮው ዓይነት ቢገዛ ግን ከ8 ተነሥቶ ወደ 10 በተመለሰ ነበር። ትክክለኛው ንጽጽር አዲሱን ከአዲስ ጋር ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ቆጣሪው ነው። አዲስ 175/65 አር 14 ጎማ ጥርሱ 8 ሚሊ ሜትር ሲሆን በአንድ ኪሎ ሜትር 546 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ጥርሱ ወደ 1.6 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ዙሪያው ስለሚያጥር ለዚያችው ኪሎ ሜትር 558 ጊዜ መዞር አለበት። ቆጣሪው የሚቆጥረው ዙርን እንጂ መሬትን ስላልሆነ፣ ባለቀው ጎማ ሲነዳ ያልተሄደ 2 በመቶ ርቀት እየጨመረ ነበር። አዲሱ ሲገጠም ያ ጭማሪ ይጠፋና በሊትር የሚኬደው ኪሎ ሜትር በወረቀት ላይ የቀነሰ ይመስላል። ከጥሩ ጎማ የሚጠበቀው ቁጠባ ራሱ ከ2.5 እስከ 5 በመቶ መሆኑን ስናስታውስ፣ ይህ የቆጣሪ ስሕተት ብቻውን ከቁጠባው አብዛኛውን ከዓይን ሊሰውረው ይችላል።

ንፋስ

በደንብ የተመረጠ ጎማ ንፋሱ ሲጎድል ይበልጥ ይጨፈለቃል፣ ይበልጥም ይሞቃል። አንድ ፒኤስአይ በጎደለ ቁጥር ተቃውሞው በ1.4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። 32 መሆን ሲገባው በ24 የሚነዳ ሰው በዲ ፈንታ ቢ በመግዛት ካገኘው ጥቅም ሲሶ ያህሉን መልሶ ጥሏል ማለት ነው። ጎማ ቀዳዳ ባይኖረውም በወር ከ1 እስከ 3 ፒኤስአይ ይቀንሳል፤ በዓይን ወይም በእርግጫ የሚደረገው ምርመራ ደግሞ 24 እና 32ን አይለይም። የራስ መለኪያ መግዛት ከጎማው ዋጋ አንጻር ኢምንት ነው፤ የየማደያው ኮምፕረሰር መለኪያ ሁልጊዜ አይታመንም። የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው።

በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ትልቁ ቁጥር ጎማው የሚችለው ከፍተኛ ግፊት እንጂ መኪናዋ የምትፈልገው አይደለም፤ እሱን ያህል ሞልቶ ነዳጅ መቆጠብ የሚፈልግ ሰው መካከሉ የሚላጭ፣ ጉድጓድ ሲመታ የሚፈነዳ፣ በዝናብ የሚንሸራተት ጎማ ይገዛል። ናይትሮጅን አስሞሉ ለሚለው ምክርም መልሱ አጭር ነው፤ ተራው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አዋሽ ለሚወርድ ሰው ስለ ንፋስ ብዙ መጨነቅ አያስፈልገውም፤ ወደ ቆላ ሲወረድ የውጭው አየር ስለሚከብድ መለኪያው 2 ፒኤስአይ ገደማ ዝቅ ብሎ ያሳያል፣ የቆላው ሙቀት ደግሞ በየ10 ዲግሪው 1.5 ያህል ስለሚጨምር ሁለቱ ይቀራረባሉ። አራት ሰውና ሻንጣ ከተጫነ ግን ወረቀቱ ለጭነት የሚያዘው መጠን ካለ በዚያ መሙላት ይገባል።

ቁጠባውን በራሱ መኪና ማረጋገጥ የሚፈልግ ባለመኪና ከተቻለ በአንድ ማደያ፣ በአንድ ዓይነት አሞላል ፉል እያስሞላ ሊትሩንና ኪሎ ሜትሩን መመዝገብ ይችላል። አሮጌው ጎማ ሳይወልቅ ቢያንስ አምስት ጊዜ፣ አዲሱም ከተገጠመና የመጀመሪያዎቹን 1,000 ኪሎ ሜትሮች ከተነዳ በኋላ እንዲሁ አምስት ጊዜ ተመዝግቦ፣ የአዲሱ ጎማ ኪሎ ሜትር 2 በመቶ ተጨምሮበት ይነጻጸራል። የክረምትና የበጋ፣ የበዓል ሰሞንና የትምህርት ቤት መዝጊያ መንገዶች ስለማይመሳሰሉ ሁለቱ ምዝገባዎች በተቀራረበ ወቅት ቢደረጉ ይመረጣል። በአንድ ፉል ላይ የሚታይ የሦስት በመቶ ልዩነት ከቧንቧው የመጨረሻ ጠብታና ከመኪናዋ አቋቋም ሊመጣ ስለሚችል ለብቻው ምንም አያረጋግጥም።